ዝገት፣ አሲድና የቡና አተላ

ማረሻ፣ ማጭድ፣ ዶማና መጥረቢያ ከብረት ይሠራሉ። ብረት ጠንካራ ነው፤ ይሁን እንጂ ጠላት አለው። ጠላቱ ዝገት ነው።

ብረት የሚዝገው ውሃና አየር በአንድነት ሲያገኙት ነው። ዝገት ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለም። ብረቱ ራሱ ተለውጦ ነው ዝገት የሚሆነው። ስለዚህ ዝገት በረገፈ ቁጥር ማረሻችን ይሳሳል፤ ገንዘባችንም አብሮ ይረግፋል።

ዝገትን የሚያስለቅቅ ነገር አለ። እርሱም አሲድ ይባላል። በሎሚ ውስጥ አሲድ አለ፤ የሚኮመጥጠውም ለዚህ ነው። የሎሚ አሲድ ደካማ ነው። በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ግን ብርቱ ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። በፍጹም አንንካው።

የዛገ ሚስማር በሎሚ ውሃ ዘፍዝፈን ብናሳድር፣ ሲነጋ ዝገቱ ሲለቅ እናያለን። ታዲያ ሚስማሩን እዚያው ብንተወው ምን ይሆናል? አሲዱ ዝገቱን ከጨረሰ በኋላ አያርፍም። ንጹሑን ብረት መብላት ይቀጥላል።

ይህ ችግር በፋብሪካም አለ። የቤታችን ክዳን ቆርቆሮ፣ ዚንክ በሚባል ማዕድን የተለበጠ ስስ ብረት ነው። ዝገት ባለበት ብረት ላይ ዚንክ በደንብ አይጣበቅም። ስለዚህ ብረቱ አስቀድሞ በብርቱ አሲድ ይታጠባል። ከዚያ በኋላ ነው 450 ዲግሪ ያህል በሚግል የቀለጠ ዚንክ ውስጥ የሚነከረው። በእጥበቱ ጊዜ አሲዱ ብረቱን እንዳይበላ፣ ጠባቂ የሆነ ነገር ይጨመርበታል። ከጠባቂዎቹ አንዳንዶቹ መርዝ ናቸው። ወንዝ ውስጥ ከገቡ ሰውንም ከብትንም ይጎዳሉ።

በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች ከዕፅዋት የሚገኝ ጠባቂ መፈለግ ያዙ። ብራዚል እንደ አገራችን ቡና አብቃይ ናት። የዚያ አገር ተመራማሪዎች የማንጎና የብርቱካን ልጣጭ በውሃ ነክረው፣ ከውስጡ የወጣውን ነገር አሲድ ላይ ጨምረው ሞከሩ። ውጤቱን በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳተሙ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ የቡና አተላን ሙከራ አወጡ። አዎን፣ ከጀበናው ሥር የምንደፋውን አተላ!

ሥራውን እንዲህ ብለን እናስበው። እረኛ ዝናብ ሲመጣ ገሳ ይለብሳል። ዝናቡ ገሳውን እንጂ ገላውን አያገኘውም። ከልጣጩና ከአተላው የወጣው ነገርም ብረቱ ላይ ተጣብቆ እንደ ስስ ገሳ ይሸፍነዋል። አሲዱ ብረቱን እንደ ልቡ አያገኘውም። ገሳው ግን ሙሉ አይደለም። ጠባቂው ሲበዛ ጥበቃው ይጨምራል፤ አሲዱ ሲሞቅ ግን ይቀንሳል።

እንግዲህ አተላውን ማረሻ ላይ እንድፋው ወይ? የለም! አተላ ጠባቂ የሚሆነው አሲድ ውስጥ ሲገባ ነው። ማረሻ ላይ ከተደፋ እርጥበት ያመጣል፤ እርጥበቱም ብረቱን ያዝገዋል።

ለማረሻ የሚሻለው ሌላ ነው። ከእርሻ ስንመለስ ጭቃውን እንጥረግ፣ ብረቱን እናድርቅ፣ ዘይት ወይም ሞራ እንቀባው። ቅባቱ ውሃንና አየርን ይከለክላል። ከዚያ ከመሬት ከፍ አድርገን ደረቅ ቦታ እንስቀለው። ከማዳበሪያ ጆንያ አጠገብ አናስቀምጠው፤ ማዳበሪያ እርጥበት ይስባል፣ ዝገትንም ያፋጥናል።