በውኃ አትሰስት

ቆይ፣ ያን የሲሚንቶ ከረጢት እንዳትቀደው! ከረፋዱ ጀምሮ ከኋላህ ቆሜ አይሃለሁ፤ ማሽኑን ስትወለውል ዋልክ እንጂ አፈሩን አንዴም ዘግነህ አላየኸውም። ማሽኑማ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ራሚሬዝ የሚባል ቺሊያዊ መሐንዲስ ቦጎታ ላይ የፈጠረው፣ በሰው ጉልበት አፈር ተጭኖ ብሎኬት የሚወጣበት የብረት ሳጥን ነው። ሥራው ያለው አፈሩ ላይ ነው።

ሥርና ቅጠል ያለበትን የላይኛውን አፈር ግፈፈው። ከሥሩ ያለውን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ሲሶ ያህል ጨምርና ውኃ ሞልተህ በጥብጠው፤ ያድር። ጠዋት አሸዋው ከታች፣ ሸክላው ከላይ ተደርድሮ ታገኘዋለህ። አሸዋው ከግማሽ ካነሰ ከወንዙ አምጥተህ ጨምርበት። ነጭ የሚያብለጨልጭ ነገር ካየህበት ግን ተወው፤ በዚህ አገር ጄሶ ያለበት መሬት ብዙ ነው፣ ጄሶና ሲሚንቶ ደግሞ አይስማሙም፤ ውሎ አድሮ አብጦ ይሰነጥቅብሃል።

ለ1 ባልዲ ሲሚንቶ ከ12 እስከ 16 ባልዲ አፈር፣ መጀመሪያ በደረቁ ቀላቅል። ከዚያ ውኃ እያርከፈከፍክ አንድ ጭብጥ ጨብጠህ ከትከሻህ ከፍታ ልቀቀው። አራት አምስት ቦታ ከተፈረካከሰ ደርሷል፤ እንዳለ ከተቀመጠ ረጥቧል፤ ዱቄት ከሆነ ደርቋል። ያቦካኸውን ቶሎ ተጫነው፣ ሳትጨርሰው ምሳ አትውጣ።

አሁን ዋናውን ስማ። አገር ቤት ሳለሁ የመጀመሪያ ሥራዬን ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ በደረቀልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠርዙ በጣት ይፈረፈር ጀመር። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በእርጥበት ነው እንጂ በመድረቅ አይደለም። እዚያ እንኳ ጤዛ ነበር! እዚህ ሀርጌሳ፣ ያውም በደረቁ ወቅት በጂላል፣ ነፋሱ ከአፍህ ምራቅ ይወስዳል፤ ውኃው ደግሞ በቦቴና በአህያ ጋሪ የሚገዛ ነው። ስለዚህ ሁሉም የሚቆጥበው ውኃውን ነው፤ ጉዱም እዚያ ነው። ብሎኬቱን ጥላ ሥር ደርድረህ ላስቲክ አልብሰው፣ ቢያንስ 7 ቀን ጠዋት ማታ አጠጣው፣ ከዚያ አራት ሳምንት እስኪሞላው ግድግዳ ላይ አታውጣው። ዋጋ ስትነጋገር የውኃውን ሒሳብ አስቀድመህ ያዝ። የሲሚንቶውን ሁሉም ይቆጥራል፤ የሚያከስርህ የውኃው ነው።

መሠረቱ ድንጋይ ይሁን፣ ጣሪያው ወጣ ይበል፤ የዝናቡ ወቅት ጉ ሲመጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያጥለቀልቃል። ይህን አንተም ታውቀዋለህ።

ቤቱን የምትሠራላቸውን አዴርን አትቀየማቸው። «አፈር?» ብለው ፊታቸውን ሲያጠቁሩ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 ከተማቸው በቦምብ ሲፈርስ ያዩ ሰው ናቸው፣ ከ1991 በኋላም በድንጋይና በሲሚንቶ ብሎኬት ነው እንደገና የገነቡት። በአፍ አትከራከራቸው። አራት ሳምንት የሞላውን አንዱን፣ ሲሚንቶ ከሌለው ሌላ ጋር በርሜል ውኃ ውስጥ አሳድረህ ጠዋት ራሳቸው ያውጡት። አንዱ ጭቃ ሆኖ ይቀራል።

በል፣ ከረጢቱን ከመሬት አንሳና እንጨት ላይ አስቀምጠው። ከዚያ ሃይላንድ ፈልግ።