ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እንዴት ይታደሳል?

በጦርነት የዋለ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እጁ የገባ ሙዚየም መፍቻ ከማንሳቱ በፊት የሚመልሰው ጥያቄ አለ፦ አውሮፕላኑ ምን መስሎ ይታይ? ከፋብሪካ ሲወጣ፣ ሲዋጋ ወይስ ሲወድቅ?

«ሜምፊስ ቤል» የተባለችው የአሜሪካ ቢ-17 ቦምብ ጣይ እ.ኤ.አ. በ1943 አብራሪዎቿ 25ኛ ግዳጃቸውን ከፈጸሙ በኋላ ወደ አገሯ ተመለሰች። ጦርነቱ ሲያበቃ የሜምፊስ ከተማ በ350 ዶላር ገዛቻት፤ ለአሥርት ዓመታት ግን ደጅ ውላ አደረች፤ መታሰቢያ ፈላጊውም ዕቃዋን እየነቀለ ወሰደ። በ2005 ኦሃዮ ወደሚገኘው የአየር ኃይል ብሔራዊ ሙዚየም ተዛውራ በ2018 የጦር ሜዳ መልኳን ይዛ ለእይታ ቀረበች። ምርጫው ትክክል ይመስለኛል፤ የተረፈው አካሏ ብዙ ተነካክቷል፣ የቀድሞ መልኳ ደግሞ ዊልያም ዋይለር በቀረጸው ዘጋቢ ፊልም ላይ በግልጽ ይታያል።

ከባሕር የወጣ አውሮፕላን ግን ሌላ ጣጣ አለው። በ1940 በእንግሊዝ ጠረፍ ተመትቶ የወደቀው የጀርመን ዶርኒየር 17 ከባሕር የተነሣው በ2013 ነው። ጠላቱ ጨው ነበር። በባሕር ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ በአሉሚኒየሙ ስንጥቅና መገጣጠሚያ ሁሉ ሰርጎ ይገባል። አሸዋ ተጭኖት፣ ኦክስጅን አጥሮት ሳለ ጉዳቱ ዝግ ይላል፤ አየር ሲያገኘው ግን ያ ክሎራይድ ከእርጥበትና ከኦክስጅን ጋር ተባብሮ አሉሚኒየሙን በፍጥነት ይበላዋል። አሉሚኒየም ከብረት ጋር የተጣበቀበት ቦታ ደግሞ ይብሳል፤ ጨዋማው እርጥበት ሁለቱን እንደ ባትሪ ያገናኛቸዋል፣ ተበልቶ የሚያልቀውም አሉሚኒየሙ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ አካል ጨው እንደያዘ አይደርቅም። በእንግሊዝ፣ ኮስፎርድ የሚገኘው ሙዚየም ዶርኒየሩን በላስቲክ ዋሻ ውስጥ አስገብቶ ቀለል ያለ የሲትሪክ አሲድ (ሎሚን የሚያኮመጥጠው ነው) ውህድ ለረጅም ጊዜ ሲረጭበት ቆየ። ውህዱ ጨዉን እያጠበ የባሕሩን ቅርፊት ያስለቅቃል። ማጣደፍ አይቻልም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ በዘመኑ አውሮፕላኖች ውስጥ ያሉ ጠቋሚ መሣሪያዎች በጨለማ እንዲበሩ ራዲየም ይቀቡ ስለነበር ማንም ሳይነካቸው ጨረራቸው ይለካል። አውሮፕላኑ ለእይታ ሲቆምም ክብደቱ ጎማ ላይ አይተውም፤ በድጋፍ ይያዛል። ከአጠገቡ የሚቀመጠው ማብራሪያ ጽሑፍ ደግሞ የአብራሪዎቹን ጀግንነት ብቻ ነግሮ ቦምቡ ያረፈበትን ሰው ከዘለለ ግማሽ ታሪክ ነው፤ በ1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ቦምብ ጣይ ካፕሮኒ ያደረሰውን ከወላጆቹ የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህ አይጠፋውም።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ያልታደሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 «ቲርፒትዝ» የተባለውን የጦር መርከብ ሊመታ የሄደ የእንግሊዝ ሃሊፋክስ ቦምብ ጣይ ተመትቶ በረዶ በለበሰ የኖርዌይ ሐይቅ ላይ አረፈ፣ በኋላም ሰጠመ። በ1973 ወጥቶ ለንደን፣ ሄንደን በሚገኘው ሙዚየም ቆርቆሮው እንደተበሳሳ ተቀምጧል። መግቢያው ነጻ ነውና በዚያ የምትኖሩ አንባቢዎች ሄዳችሁ እዩት።