የታፈነው እሳት

ከሰል ማንደጃ ላይ ቡና ያፈላ ሰው ሁሉ፣ የማንደጃው የታችኛው ክፍት በአመድ ሲደፈን ምን እንደሚከተል ያውቃል። ፍሙ ይደበዝዛል፤ ጀበናውም ይዘገያል፤ ጥፋቱ ግን የከሰሉ ይመስላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይኸው ችግር 100 ቶን ያህል በሚመዝን የእንፋሎት ባቡር ላይ እንዴት እንደ ደረሰና በበጎ ፈቃደኞች ጥረት እንዴት እንደ ተገኘ ነው።

በ1952 እ.ኤ.አ. ለንደን አጠገብ በሃሮው በደረሰው የባቡር ግጭት አንድ ኃይለኛ ሎኮሞቲቭ ወደመ። በምትኩ በ1954 በክሩ ከተማ «ዱክ ኦፍ ግሎስተር» የተባለው፣ ቁጥሩ 71000 የሆነ ሎኮሞቲቭ ተሠራ። ከዓይነቱም ሌላ አልተሠራም። በሙከራ ጣቢያ ሲፈተሽ ሲሊንደሮቹ እንፋሎትን እጅግ ቆጥበው የሚጠቀሙ ሆነው ተገኙ። ቦይለሩ ግን የተጠበቀበትን ያህል እንፋሎት አልሰጠም፤ ሠራተኞቹም ከሰል ይበላል እያሉ ያማርሩ ነበር። በ1962 ከአገልግሎት ተሰናበተ። ከሲሊንደሮቹ አንዱ ለለንደን የሳይንስ ሙዚየም ተወሰደ፤ የቀረው አካሉ ዌልስ ውስጥ ባሪ በሚባል ስፍራ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ዛገ። በ1974 በጎ ፈቃደኞች ገዙት።

የሎኮሞቲቭ ቦይለር አሠራር እንዲህ ነው። ከኋላ በውኃ የተከበበ የእሳት ሳጥን አለ። ትኩሱ ጋዝ ከዚያ ተነሥቶ፣ ውኃው መካከል በተዘረጉ በርካታ ቱቦዎች አልፎ ከፊት ወዳለው የጭስ ሳጥን ይደርሳል። የዱኩ ቦይለር የሚሠራበት ግፊት በስኩዌር ኢንች 250 ፓውንድ፣ ማለትም ከከባቢ አየር ግፊት 17 እጥፍ ያህል ነው። በዚህ ግፊት ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ208 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ስለዚህ ብረቱ ቢቀደድ ግፊቱ በድንገት ይወርድና ከውኃው ከፊሉ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ፍንዳታውን አስፈሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ስለሆነም አሮጌ ቦይለር የሚያድስ ሰው አይቸኩልም። ቱቦዎቹ ይወጣሉ፤ የብረቱ ውፍረት ይለካል፤ የእሳት ሳጥኑን የውስጥና የውጭ ግድግዳ የሚያያይዙት ዘንጎች በመዶሻ እየተመቱ ድምፃቸው ይደመጣል፤ የተሰበረው ዘንግ ድምፁ ይለያልና። በመጨረሻም ቦይለሩ በውኃ ብቻ ተሞልቶ ከሥራ ግፊቱ በላይ ይፈተናል። በእንፋሎት የማይጀመረው ውኃ ሲጨመቅ መጠኑ እምብዛም ስለማይቀንስ ነው። ስንጥቅ ቢኖር ውኃው ትንሽ ፈስሶ ግፊቱ ይወርዳል እንጂ አይፈነዳም። እኛ ከዚህ ሥራ ሁሉ ብልሃት የሞላበት ይህ ፈተና ይመስለናል።

ወደ ዱኩ እንመለስ። በጎ ፈቃደኞቹ በእድሳቱ ወቅት ከእሳቱ ሥር ያለውን የአመድ መቀበያ ከመጀመሪያው ንድፍ ጋር አስተያዩት። አየር የሚገባባቸው በሮች በንድፉ ከታዘዘው ልክ አንሰው ተሠርተው ኖረዋል! ንድፍ አውጪዎቹ ለዓመታት የተወቀሱበት አንዱ ጉድለት የፋብሪካው ስሕተት ነበር ማለት ነው።

የአየር ማነስ የሚያስከትለውን ኪሣራ ኬሚስትሪ በቁጥር ይነግረናል። 12 ግራም ካርቦን በበቂ ኦክስጅን ነድዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን 394 ኪሎጁል ሙቀት ይሰጣል። ኦክስጅን አንሶት ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ቢቀር ግን የሚሰጠው 111 ኪሎጁል ብቻ ነው። የቀረው ኃይል ሳይነድ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ሠራተኛው ከሰል በጨመረ ቁጥር ደግሞ የፍሙ ንጣፍ ይወፍራል፤ አየሩም ይብሱን ማለፊያ ያጣል።

የጭስ ማውጫውም ተመሳሳይ ኃይል ካላቸው ሎኮሞቲቮች ጋር ሲነጻጸር ጠባብ ሆኖ ተገኘ። ይህ ከእሳቱ ጋር ምን ያገናኘዋል? በሎኮሞቲቭ ላይ እሳቱን የሚያናፍሰው ከሲሊንደር የሚወጣው ያገለገለ እንፋሎት ነው። እንፋሎቱ በጭስ ማውጫው ሲስፈነጠር ጋዙን ይጎትታል፤ የጭስ ሳጥኑ ግፊት ይቀንሳል፤ ንጹሕ አየርም ከሥር በፍሙ መካከል ይሳባል። ባቡሩ ዳገት ላይ በተጨነቀ ቁጥር እሳቱ ይበልጥ ይናፈሳል። መውጫው ከጠበበ ግን፣ ብዙ እንፋሎት በሚያስፈልግበት በዚያው ሰዓት መሳቡ ይደክማል። ዱኩ ከሥርም ከላይም ታፍኖ ነበር።

በጎ ፈቃደኞቹ የአየር በሮቹን በንድፉ ልክ አሠሩ። የጭስ ማውጫውም ኪልቻፕ በተባለው ሥርዓት ተተካ፤ ስሙ ከፊንላንዳዊው ኪላላና ከፈረንሳዊው ሻፕሎን የተገጣጠመ ነው። የተወሰዱት የሲሊንደር ክፍሎች እንደ አዲስ ተሠሩ። በ1986 ሎኮሞቲቩ በራሱ እንፋሎት ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያም በዋናው የባቡር መሥመር ላይ መንገደኛ የጫኑ ፉርጎዎችን ይስብ ጀመር።