ልጅ የወለደች ሴት ወደ ትምህርት ስለ መመለስዋ

ትምህርት ለሰው ልጅ ሁሉ የሚገባ ነገር ነው፤ ይኸውም ለወንድ ብቻ ወይም ለሕፃን ብቻ ሳይሆን፥ ልጅ ወልዳ ቤት ለያዘች ሴትም ነው። ሕፃን የመጀመሪያ ትምህርቱን የሚቀበለው ከእናቱ ጉልበት ሥር ነው። ስለዚህ የአንዲት እናት ዕውቀት በራስዋ ላይ የሚቀር አይደለም፤ ለባልዋም፥ ለልጆችዋም፥ ለጎረቤትዋም የሚተርፍ ነው።

በአገራችን ሴቶች ልጆች እንዲማሩ እቴጌ መነን በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ አቋቋሙ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ሲሰጥ፥ ብዙ እናቶች ፊደል ቈጠሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረገ፤ ባልና ሚስትም በቤታቸው አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው፥ ሊከባበሩና ሊረዳዱም እንደሚገባቸው ደነገገ። እንግዲህ መንገዱ ተከፍቷል፤ የቀረው በመንገዱ የሚሄዱበት ጊዜ ነው።

ለጋብቻ ሽማግሎች ተሰብስበው ሲነጋገሩ፥ «ትምህርትዋን አታቋርጥም» የሚል ቃል የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን ውኃውን ማን እንደሚቀዳ፥ እህሉን ማን ወደ ወፍጮ እንደሚያደርስ፥ ሕፃኑንም ማን እንደሚይዝ ካልተነገረ፥ ያ ቃል ከምድጃ ጢስ ጋራ በንኖ ይጠፋል። ባልየውም ቢጠየቅ «እኔ አልከለከልኋትም» ብሎ ይመልሳል፤ እውነቱን ነው፥ አልከለከለም። ዳሩ ግን ያልከለከለ ሁሉ ረዳ አይባልም።

ለምሳሌ ያህል አንዲት ወጣት እናት አለች እንበል። በገጠር ትምህርት ቤት እያስተማረች፥ ክረምት ክረምት ወደ መምህራን ኮሌጅ እየሄደች ትማር ነበር፤ በወለደች ጊዜ ግን አቋረጠች። አሁን ልጅዋ 8 ወር ሞልቶታል፤ በሐምሌ ልትመለስ ትሻለች። ኮሌጁ ከቤትዋ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ክረምት ደግሞ ለገበሬ ቤት የአረም ወራት ነው፤ እንጨቱ ይረጥባል፥ መንገዱ ይጨቀያል። ትምህርቱና የቤቱ ጭንቅ በአንድ ወራት ተገናኙ ማለት ነው።

የምግቡን ሥራ የሚበሉት ሁሉ ያውቁታል ማለት አይደለም። አንድ እንጀራ ከመሶብ ከመድረሱ አስቀድሞ እህሉ ይለቀማል፥ ይነፋል፥ ይፈጫል። ዱቄቱ በውኃ ይቦካል፥ እርሾ ይጨመርበታል፥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያድራል። ከላይ ያቀረረው ውኃ ይቀነሳል፤ ከሊጡም ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውኃ ተማስሎ አብሲት ይሆንና፥ በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰሳል፤ ሊጡ እየዞረ ይፈሳል፥ አክንባሎም ይገጠምበታል። እርሾ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ነገሮች ያሉበት ነው፤ ሊጡን የሚያስነሡትና የሚያኮመጥጡት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ይህ ሙያ ራሱ ዕውቀት ነው፤ መምህርም በሳይንስ ሰዓት ለደቀ መዛሙርቱ ቢያስተምረው ይገባል።

ከዚህ ሥራ ውስጥ የእናቲቱ እጅ ብቻ የሚሠራው እጅግ ጥቂት ነው። ማጥባት የእርስዋ ብቻ ነው፤ ከዚህ በቀር ያለው ሁሉ ለሌላም እጅ ይቻላል። ወፍጮ ቤት መሄድና ውኃ መቅዳት፥ እንጨት መፍለጥና ሕፃን ማዘል ማንም ጤነኛ ሰው የሚችለው ነው። ሊጥም የሚቦካበት ቀን ከታወቀ የሚጋገርበትም ቀን ስለሚታወቅ፥ የመጋገሪያው ቀን አስቀድሞ ተቈርጦ ከትምህርቱ ሰዓት ጋራ ሊስማማ ይችላል። ደግሞም ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተሠርቶ እሳቱን ዙሪያውን የሚከልለው «ምርጥ ምድጃ» የተባለው፥ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት እስከ እኩሌታ ድረስ ያድናል፤ ጢሱንም ይቀንሳል። ከእንጨት የተረፈው ጉልበት ለመጽሐፍ ይሆናል።

የሕፃኑም ነገር ሥርዓት አለው። እስከ 6 ወር የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። ከ6 ወር በኋላ ግን እየጠባ ሌላ ምግብ ይጀመርለታል፤ ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ሦስት እጅ እህል አንድ እጅ ጥራጥሬ ተቀላቅሎ ተፈጭቶ ገንፎ ይሠራለታል፤ ዕንቍላል ወይም ቅቤ፥ በደንብ የበሰለ ዱባ ወይም ጎመን ቢጨመርበት ይበልጥ ይጠቅመዋል። እናቲቱ ወደ ትምህርት ስትሄድ እጅዋን ታጥባ፥ በተቀቀለ ንጹሕ ዕቃ ወተትዋን አልባ ብትከድን፥ በጥላ ቦታ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል፤ አያቱም በንጹሕ ሲኒ ቀስ እያለች ታጠጣዋለች። ስለዚህ «ልጁ ይራባል» የሚለው ፍርሃት ሰው ካገዘ መድኃኒት አለው።

አንዳንድ ሰዎች «ሴት ኮሌጅ ከገባች ሙያዋ ይጠፋል፥ ቤትዋም ይፈታል» ይላሉ። ቤት የሚፈታው ግን በትምህርት ሳይሆን ሸክሙ ሁሉ በአንድ ትከሻ ላይ ሲከመር ነው። በቀን ተምራ፥ ማታ ጋግራ፥ ሌሊት አጥብታ፥ ሳታንቀላፋ የምታነጋ ሴት ወይ ትምህርቱን ትተዋለች፥ ወይ ጤናዋን ታጣለች። ትምህርቱን በተወች ጊዜም ሰው «አልቻለችም» ይላታል፤ ያልተቻለው ግን የሁለት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፥ የቤቱ ሰዎች ቢያብሩ የክረምቱ ሥራ ያልቃል።

እንግዲህ ሽማግሎች ሆይ፥ በምታስታርቁበትና ጋብቻ በምታዋውሉበት ጊዜ «ትማር» በማለት ብቻ አትነሡ፤ ሥራውን በስም በስም እየጠራችሁ አከፋፍሉ። «ውኃው የባል ነው፤ ወፍጮው የወንድም ነው፤ በትምህርት ሰዓት ሕፃኑ የአማት ነው» ተብሎ በምስክር ፊት ይነገር። ይህን ማድረግ ባልን ማዋረድ አይደለም፤ የገዛ ልጁን እናት ማስከበር ነው። መምህራን ሆይ፥ እናንተም ተመልሳ የመጣችውን እናት «ዘገየሽ» ብላችሁ አታሳፍሯት፤ ያለፋትን ትምህርት አሳይታችሁ መጽሐፍ አውሷት። የክፍል ጓደኛዋ ብትሆኑም ጽሕፈታችሁን አካፍሏት።

ለትምህርት ቤት የሚሆን ጥያቄ።

1ኛ፤ ውኃ ለመቅዳት በየቀኑ 1 ሰዓት የሚፈጅ ቢሆን፥ በሐምሌና በነሐሴ 60 ቀን ውስጥ ስንት ሰዓት ይሆናል? መልሱ 60 ሰዓት ነው፤ በቀን 8 ሰዓት ብንሠራ የ7 ቀን ተኩል ሥራ ማለት ነው። ይህ ጊዜ ለጥናት ቢውል ስንት ምዕራፍ ይነበብበታል?

2ኛ፤ በየቤታችሁ ከጧት እስከ ማታ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ጻፉ፤ በእያንዳንዱም አንጻር የሚሠራውን ሰው ስም አስቀምጡ። ከሁሉ ይልቅ የማን ስም በዛ?

3ኛ፤ ከነዚህ ሥራዎች ከእናት በቀር ሌላ ሰው ሊሠራው የማይችል የትኛው ነው?

ደቀ መዛሙርት የጻፉትን ወደ ቤታቸው ወስደው በአባታቸውና በእናታቸው ፊት ያንብቡት።