ሞተርና አየር

እሳት ያለ አየር አይነድም። ማገዶ በምድጃ ታጭቆ አየር ሲያጣ ይጨሳል፤ ዓይን ያቃጥላል፤ ምጣዱ ግን አይግልም። ሳሳ አድርገን እፍ ስንልበት ቦግ ይላል። የመኪና ሞተርም እንዲሁ ነው።

አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ካነሰ ቤንዚኑ በከንቱ ይባክናል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ቤንዚኑ ካነሰ ደግሞ ሞተሩ ጉልበት ያጣል።

ይህ ነገር ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላለን ሰዎች ይበልጥ ያገባናል። የጉና ተራራ ጫፍ ከ4000 ሜትር በላይ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በ3000 ሜትር ላይ፣ በጅቡቲ ወደብ ካለው አየር ሩብ ያህሉ ይጎድላል። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ አሮጌ ካርቡራተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ያበዛል።

ታዲያ ልኩን በምን እናውቃለን? ለዚህ የአየርና የቤንዚን ጌጅ አለ። ጌጁ ቤንዚኑን አይሰፍርም። በጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ የሚታሰር ሴንሰር አለው። ሴንሰሩ በጭሱ ውስጥ ኦክስጅን መትረፉን ወይም መጉደሉን ይለያል። ኦክስጅን ማለት እሳት የሚያነደው የአየር ክፍል ነው፤ ከአየር አምስተኛው እጅ ያህል ይሆናል። ቁጥሩ ከ14.7 ካነሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ከበለጠ አየር በዝቷል ማለት ነው።

ስንገዛ እንጠይቅ። ሴንሰሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «በዝቷል» ወይም «አንሷል» ብቻ ይላል። ሌላው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ያሳያል። ካርቡራተር ለማስተካከል የሚበጀው ይኸኛው ነው።

ጌጁ «አየር በዝቷል» ቢል ቤንዚን ለመጨመር አንቸኩል። መጀመሪያ ቧንቧውን እንይ። ከሴንሰሩ በፊት ቀዳዳ ካለ የውጭ አየር ይገባል። ካንዴላው እሳት ካልሰጠም አየሩ ሳይነድ ያልፋል። በሁለቱም ጊዜ ጌጁ ያሳስታል። ይህን ሳያይ ቤንዚን የሚጨምር ሾፌር ገንዘቡን በጭስ ይሰደዋል። ኪሳራው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው እህሉን ባስጫነው፣ በሽተኛውን ባሳፈረው ሰው ላይ ነው።

አንድ ነገር እንወቅ። አየር ያጣ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ሽታም ቀለምም የለው፤ ሰው ይገድላል። በተዘጋ ቤት ሞተር አናስነሳ፤ ከሰልም አናንድድ።

ጥያቄዎች
1. ደጋ ላይ ሞተር ለምን ጥቁር ጭስ ያበዛል?
2. ጌጁን ከማመናችን በፊት ምን ምን እናያለን?