የወይን ዝርዝር ሲመዘን

እ.ኤ.አ. በ2008 በሚላን ከተማ የሚገኝ «ኦስቴሪያ ሊንትሬፒዶ» የሚባል ምግብ ቤት፣ ዋይን ስፔክቴተር ከተሰኘው ታዋቂ የአሜሪካ መጽሔት ለወይን ዝርዝሩ ሽልማት አገኘ። ቤቱ ድረ ገጽ አለው፣ ስልክ አለው፣ የምግብ ዝርዝሩም የተሟላ ነው። የሌለው ምግብ ቤቱ ራሱ ነበር። ሮቢን ጎልድስታይን የተባለ ጸሐፊ ስም ፈጥሮ፣ የማመልከቻውን 250 ዶላር ከፍሎ፣ ሽልማቱን ተቀበለ። ከዝርዝሩ ውድ ከተባሉት ወይኖች መካከል መጽሔቱ ራሱ ቀደም ሲል ዝቅተኛ ነጥብ የሰጣቸው ነበሩበት።

መጽሔቱ ዝም አላለም። ዝርዝሩ ከ250 በላይ ወይኖች እንደያዘና መጥፎዎቹ ጥቂት እንደሆኑ፣ ወደ ቤቱም ደውሎ የድምፅ መልእክት መቀበያ ብቻ እንዳገኘ አስታወቀ። መልሱ ውኃ ያነሳል። ቢሆንም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰርተፊኬት ስለ ወረቀቱ እንጂ ስለ ጓዳው እንደማይመሰክር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ጥሩ ዝርዝር የሚለየው በገጹ ብዛት ሳይሆን በግልጽነቱ ነው። አምራቹ ማን ነው? ወይኑ ከየት መጣ? የየትኛው ዓመት ምርት ነው? በፈረንሳይ ቡርጎኝ የሚገኘው ክሎ ዴ ቩዦ 50 ሄክታር ገደማ የሆነ አንድ የወይን ማሳ ነው፤ ባለቤቶቹ ግን 80 ያህል ናቸው። የአንዱ ጠርሙስ ድንቅ፣ የጎረቤቱ ተራ ሊሆን ይችላል። አምራቹን ሳይጠቅስ የማሳውን ስም ብቻ ጽፎ ከባድ ዋጋ የሚጠይቅ ቤት እንግዳውን ዓይኑን ጨፍኖ እንዲገዛ እየጋበዘው ነው። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ከዝዋይ (ባቱ) የሚወጣው ሪፍት ቫሊ የተባለው ወይን እንኳ የፍሬው ዝርያ ሜርሎ ይሁን ሲራ ጠርሙሱ ላይ ይጽፋል። ጠርሙሱ የተናገረውን ዝርዝሩ «ቀይ» ብሎ ካለፈው፣ ስንፍና ነው።

ዓመቱም ብዙ ይናገራል። አብዛኛው ሮዜና ቀለል ያለ ነጭ ወይን የሚጠጣው ትኩስነቱ ሳያልፍ ነው። የአምስት ዓመት ሮዜ ዝርዝር ላይ ከታየ፣ ብዙውን ጊዜ ሳይሸጥ የቀረ ዕቃ እንጂ ሆን ተብሎ የተቀመጠ አይደለም።

ዋጋን በተመለከተ አንድ የቆየ ወሬ አለ፦ ከርካሹ ቀጥሎ ያለውን ወይን አትዘዝ፣ ቤቱ የሚያተርፈው እዚያ ላይ ነው ይባላል። የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስና የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ249 የለንደን ምግብ ቤቶች ከ6,000 በላይ ወይኖችን መርምረው ሲያዩት፣ ወሬው ውሸት ሆነ። በመቶኛ ሲሰላ ከፍተኛው ትርፍ የተጫነው በዝርዝሩ መካከለኛ ዋጋዎች አካባቢ ላይ ነው። «መሀሉን ልያዝ» ብሎ የሚያዝ ጨዋ እንግዳ የቤቱ ወዳጅ ነው ማለት ነው! በብርጭቆ ማዘዝም ቢሆን ሂሳቡን ማወቅ ይሻል። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ 150 ሚሊ ሊትር የሆኑ አምስት ብርጭቆዎች ይወጣዋል፤ ሁለት ሰዎች ሁለት ሁለት ብርጭቆ ካሰቡ የጠርሙሱን ዋጋ ያስተያዩ። መቼ እንደተከፈተ መጠየቅም ነውር የለውም።

የወይን ባለሙያው ጠርሙሱን ሲያሳይ ስምና ዓመቱ ከታዘዘው ጋር መግጠሙን ማየት ያስፈልጋል። ጥቂት ቀድቶ የሚያቀምሰውም «ጣፈጠዎት?» ለማለት ሳይሆን ወይኑ አለመበላሸቱን ለማረጋገጥ ነው። ቡሽ ያበላሸው ወይን እርጥብ ካርቶን ይሸታል፤ የፍሬው መዓዛም ይጠፋል። እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠመዎ ሳይሳቀቁ ይመልሱት፤ ደንበኛውን የሚያከብር ቤት ያለ ክርክር ሌላ ጠርሙስ ይከፍታል።