የጠጉር ቦርሳ ስለ ማጥበቅ

ጥያቄ፦ የመንዝ በግ ጠጉር ፈትዬ በሹራብ መርፌ የእጅ ቦርሳ ሠራሁ፤ በሙቅ ውሃ ባጥበውም እንደ በርኖስ ሳይጠብቅ ቀረ። ምክንያቱ ምንድን ነው? (ከጎረቤላ)

መልስ፦ እያንዳንዱ የጠጉር ዘለላ ለዓይን በማይታዩ ረቂቃን ቅርፊቶች የተሸፈነ ስለ ሆነ፣ ሙቀት፣ ሳሙናና እሽታ በኅብረት ሲያገኙት ቅርፊቶቹ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው ሥራው ይጠብቃል፣ ይወፍራልም፤ ይልቁንም እሽታው የጎደለ እንደ ሆነ ግን ነገሩ አይፈጸምም። እርስዎ ውሃውን አሙቀዋል እንጂ በሚገባ አላሹት ይመስለኛል። የመንዝ ሸማኔዎች ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ ከሠሩ በኋላ እያራሱ በእግራቸው የሚረግጡት ስለዚሁ ነው።

በመንዝ በግ ላይ ሻካራው ጠጉር ከለስላሳው ጋር ተደባልቆ ይበቅላልና፣ ከመፍተልዎ አስቀድሞ ለስላሳውን ይለዩ። ከዚያም በወፍራም መርፌ፣ የሹራቡን ዐይን ላላ አድርገው፣ ከሚሹት መጠን ሲሶ ያህል አስፍተው ይሥሩት። ሲያሹት በመጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ይረዝማልም፤ በዚህ ጊዜ እባክዎ ተስፋ አይቁረጡ፤ ጥቂት ቆይቶ ዐይኖቹ አንድ በአንድ ሲሰወሩ ያያሉ። ያን ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው፣ ቅርጹን እንዲይዝ ውስጡን በጨርቅ ሞልተው፣ በጥላ ያድርቁት። ከሱቅ የሚገዛው ሰው ሠራሽ ክር ግን ቅርፊት የለውምና ቀኑን ሙሉ ቢያሹት አይጠብቅም።